ጉባኤው ለሁለት ተከፍሏል፤ «እንጸልይበት» ከተባለ በኋላ ምን ይደረግ?

ብርሃነ_ሰላም (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። በማኅበረ ምእመናን መካከል መከፋፈል ሲገባ ብዙ ጊዜ የሚሰማው ምክር «እንጸልይበት፣ እግዚአብሔር ራሱ ያስታርቀናል» የሚል ነው። እውነት ነው፤ አምናለሁም። ግን ጸሎቱ አልቆ ሰው ወደየቤቱ ከሄደ በኋላ፣ በማግስቱ ማን ማንን ያናግር? የሚለውን የሚነግረን አይገኝም።

ለውይይት እንዲመች አንድ የተለመደ ሁኔታ ላስቀምጥ። ጉባኤው በሁለት ወገን ቆሟል። አንዱ የቀድሞውን አገልጋይ ይደግፋል፣ ሌላው አዲሶቹን ሽማግሌዎች። ነገሩ የተጀመረው በአገልግሎት ድልድል ነው። ቀጥሎ የገንዘብ ጥርጣሬ ተጨመረበት፤ አሁን ደግሞ «የእነ እገሌ ትምህርት ተበላሽቷል» የሚል ክስ መጥቷል። ሰላምታ ቀርቷል። ሁለቱም ለየብቻቸው ይጸልያሉ፤ ሁለቱም «እግዚአብሔር ከእኛ ጋር ነው» ይላሉ።

ከየት ይጀመራል? ማቴዎስ 18 (መጀመሪያ ለብቻ ውቀሰው፣ ቀጥሎ ከምስክር ጋር፣ በመጨረሻም ለቤተ ክርስቲያን ንገር የሚለው) እንዲህ ላለው የቡድን ጸብ ይሠራል ወይ? በእግዚአብሔር ማመንስ በዚህ ሁሉ ውስጥ በተግባር ምን ይሠራል? በጉዳዩ ያሰባችሁበት ሰዎች ዘርዘር አድርጋችሁ ብትጽፉልኝ ደስ ይለኛል።

የቤርያ_ሰው

ሰላም ላንተም ይሁን። በመጀመሪያ ሦስቱን ነገሮች ለያያቸው። ድልድል፣ ገንዘብና ትምህርት በአንድ ስብሰባ ላይ ከቀረቡ አንዱም አይፈታም፤ ምክንያቱም አንዱ ሥርዓት ይፈልጋል፣ ሁለተኛው ማስረጃ፣ ሦስተኛው የቃሉን ምርመራ። በተግባር አንድ ወረቀት ይዞ ክሶቹን በሙሉ መጻፍና በየረድፋቸው መክፈል ነው። አራተኛ ረድፍም አይቀርም፤ የግል በደል። «እገሌ በሰው ፊት ሰደበኝ»፣ «የልጄን ሰርግ ቀርታ አዋረደችኝ» የሚሉት እዚያ ይገባሉ። ብዙ ጊዜ ጸቡን የሚያሞቀው ይኸው አራተኛው ረድፍ ሆኖ ሳለ በአጀንዳ ላይ አይጻፍም።

የትምህርት ክሱ ላይ አንድ ጥንቃቄ ጨምር። ሰው ከተቀየመው አገልጋይ ስብከት የሚሰማው ስሕተት ፍለጋ ነው። ስለዚህ ጸቡ ከቆየ በኋላ የመጣ የትምህርት ክስ የተባለውን ቃል በቃሉ፣ ከቅጂው ወይም ከጽሑፉ ተጠቅሶ ይቅረብ። ከዚያ የሚጠየቀው ይህ ነው፦ ነገሩ ጳውሎስ በገላትያ 1 «ሌላ ወንጌል» ካለው ነው ወይስ በሮሜ 14 ስለ መብልና ስለ ቀን ከጻፈው? ሁለቱንም የጻፈው አንድ ሰው ነው። በመጀመሪያው አልለዘበም፤ በሁለተኛው ደግሞ የሚበላው የማይበላውን አይናቅ፣ የማይበላውም በሚበላው አይፍረድ ብሎ ሁለቱንም በአንድ ቤት አኖራቸው። የሮሜ 14ን ጉዳይ የገላትያ 1 ማድረግ ጉባኤን ከሚሰነጥቁ ነገሮች ዋናው ይመስለኛል።

ለድልድሉ የሐዋርያት ሥራ 6ን ቁጭ ብላችሁ አንብቡት። ከግሪክ አገር የመጡት አይሁድ በዕለታዊው አገልግሎት መበለቶቻችን ችላ ተብለዋል ብለው አንጐራጐሩ። ሐዋርያት «ማንጐራጐር ኃጢአት ነው፣ ታገሡ» ብለው አልዘጉትም፤ ቅሬታው እውነተኛ ጉድለት ያመለክት ነበርና። ደቀ መዛሙርትን ሁሉ ጠሩ። ሥራውን ራሳቸው እንደማይሠሩት ተናገሩ። የሰዎቹን ብዛት (ሰባት) እና መስፈርቱን (በመልካም የተመሰከረላቸው፣ መንፈስና ጥበብ የሞላባቸው) አስታወቁ፤ ምርጫውን ለሕዝቡ ሰጡ፤ በመጨረሻ ጸልየው እጃቸውን ጫኑባቸው። አሁን የተመረጡትን ስም ተመልከት፦ እስጢፋኖስ፣ ፊልጶስ፣ ጵሮኮሮስ፣ ኒቃሮና፣ ጢሞና፣ ጰርሜና፣ ኒቆላዎስ። ስማቸው ሁሉ የግሪክ ስም ነው። ብዙኃኑ ማዕዱን ላዘነው ወገን ሰዎች አሳልፈው ሰጡ ማለት ነው። ይህን ያህል ለመልቀቅ ነው እምነት የሚያስፈልገው። በእናንተም ቅሬታ ያቀረበው ወገን በድልድል ኮሚቴው ውስጥ ስንት ሰው አለው? መልሱ «አንድም የለውም» ከሆነ ስለ ፍቅር የሚሰበከው ስብከት ለጊዜው አይሰማም።

ወደ ማቴዎስ 18 ስመጣ፣ ከቁጥር 15 እስከ 17 ያለው ለግል በደል የተሰጠ ሥርዓት ነው። ቡድንን ከቡድን ለማስታረቅ በቀጥታ አይገጥምም። ሆኖም በቡድኑ ጸብ ውስጥ የተጎዱ ሰዎች አሉ፤ ለእነርሱ ይሠራል። በሁለቱ ወገን መካከል በእውነት የተጣሉ ጥንዶችን ቁጠሩ። ጉባኤው ትልቅ ቢሆን እንኳ ጥቂት ሆነው ታገኟቸዋላችሁ፤ የቀረው ሰው ወዳጁን ተከትሎ የቆመ ነው። ከእነርሱ ጀምሩ፤ እነርሱ ሲታረቁ የተከተላቸው ሰው የሚቆምበት ምክንያት ያጣል።

ሥርዓቱ የሚበላሸው በሦስት ቦታ ነው። አንደኛ፣ ለብቻ ከመናገር በፊት ለአምስት ወዳጅ ይወራል፤ ያኔ ቁጥር 15 ሞቷል። ሁለተኛ፣ ምስክር ተብለው የሚሄዱት ሰዎች የከሳሹ ደጋፊዎች ይሆናሉ። የሁለትና የሦስት ምስክር ሥርዓት ከዘዳግም 19፥15 የመጣ ነው፤ ነገሩ እውነት መሆኑን ለማጽናት እንጂ ቁጥር ለማብዛት አይደለም። ሦስተኛ፣ ግቡ ይረሳል። ጌታ «ቢሰማህ ወንድምህን ገንዘብ አደረግኸው» ነው ያለው፤ የሚገኘው ወንድም ነው። ማስመን ብቻ ፈልጎ የሄደ ሰው ባይሄድ ይሻላል።

እምነት በተግባር ምን ይሠራል ላልከው፣ ከፍርድ ጋር ይያያዛል። በቆሮንቶስ አንዱ እኔ የጳውሎስ ነኝ፣ ሌላው የአጵሎስ፣ ሌላው የኬፋ ሲሉ ጳውሎስ የራሱን ደጋፊዎች አላመሰገነም። እኔ ተከልሁ፣ አጵሎስ አጠጣ፣ የሚያሳድግ ግን እግዚአብሔር ነው ብሎ ራሱንም አጵሎስንም ከመሃል አነሣ። 1ኛ ቆሮንቶስ 4፥5 ላይ ጌታ እስኪመጣ ድረስ ጊዜው ሳይደርስ አትፍረዱ አለ፤ ምዕራፍ 6፥7 ላይ ብትበደሉ አይሻልምን ብሎ ጠየቀ። ይህን ሁሉ መሸከም የሚችለው እውነተኛ ዳኛ እንዳለ የሚያምን ብቻ ነው። ዛሬ በስብሰባ ላይ ካልረታሁ እውነት ትቀበራለች ብሎ የሚያስብ ሰው ሊለቅ አይችልም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ውይይት በፊት ለሁለቱም ወገን መሪዎች ለየብቻ አንድ ጥያቄ አቅርቡላቸው፦ «ይህ ነገር እናንተ በምትፈልጉት መንገድ ባያልቅ እግዚአብሔር ይህን ጉባኤ መጠበቅ ይችላል ብላችሁ ታምናላችሁ?» መልሳቸው ዘግይቶ ይምጣ፤ ግን ይምጣ።

ጨው_እና_ብርሃን

ቃለ ሕይወት ያሰማልን። እኔ የቀሩትን ሁለቱን፣ ገንዘቡንና የውይይቱን አካሄድ ልጨምር።

ይቅርታና ሒሳብ አይቀላቀሉ። «ለሰላም ሲባል ሒሳቡን እንተወው» የሚባለው ነገር ጥርጣሬውን ያስተኛዋል እንጂ አያጠፋውም፤ በሚቀጥለው መዋጮ ትነሣለች። ሐዋርያው ለቅዱሳን የተሰበሰበውን ስጦታ ሲልክ ከቲቶ ጋር አብያተ ክርስቲያናት የመረጡት ሰው አብሮ እንዲሄድ አድርጓል፤ ምክንያቱንም ማንም እንዳይነቅፈን፣ በጌታ ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት መልካም የሆነውን እናስባለን ብሎ ጽፎታል (2ኛ ቆሮንቶስ 8፥18-21)። ስለዚህ ከሁለቱም ወገን ያልሆነ የሒሳብ ባለሙያ ይመረጥ። የሚመረመረው ዘመን ከዚህ እስከዚህ ተብሎ ይወሰን። የባንክ መግለጫ፣ ደረሰኝ፣ የወጪ ማዘዣና ቃለ ጉባኤ ይሰብሰብ። ውጤቱ እስኪታወቅ ከየወገኑ አንድ አንድ ሰው ካልፈረመ ወጪ አይውጣ። ሪፖርቱ ለሁሉም በአንድ ሰዓት ይነበብ፤ አንዱ ወገን ቀድሞ ካየው አለቀ። ባለሙያው ሦስት ነገሮችን ለይቶ እንዲጽፍ ይጠየቅ፦ የአሠራር ጉድለት፣ ስሕተትና ምዝበራ። ደረሰኝ ያልተያዘለት ወጪ ሁሉ ስርቆት አይደለም፤ በዚህ ምክንያት ስማቸው የጠፋ አገልጋዮች ስማቸው በይፋ ሊመለስላቸው ይገባል። ሽማግሌ ላይ የሚቀርብ ክስ ሁለት ወይም ሦስት ምስክር ይፈልጋል፤ ያለ አድልዎ መታየትም አለበት (1ኛ ጢሞቴዎስ 5፥19-21)።

አስታራቂዎችን ስትመርጡ እያንዳንዱ ወገን የራሱን ሰው እንዲያቀርብ አታድርጉ፤ ሁለት ጠበቃ ነው የምታገኙት። ይልቅ እያንዳንዱ ወገን ከሌላው ወገን «ይህን ሰው አምነዋለሁ» የሚላቸውን ሦስት ሰዎች ስም በወረቀት ጽፎ ይስጥ። ከየወገኑ ብዙ የተጠሩት አንድ አንድ ሰው፣ ከውጭ ደግሞ ሁለቱም የሚቀበሉት አንድ አባት ወይም እናት፣ በድምሩ ሦስት ይበቃሉ።

ምሳሌ 18፥17 አስቀድሞ የተናገረ ጻድቅ ይመስላል፣ ባልንጀራው መጥቶ እስኪመረምረው ድረስ ይላል። ስለዚህ በመጀመሪያ አስታራቂዎቹ ሁለቱን ለየብቻ ይስሙ። የጋራው ስብሰባ ከዚያ በኋላ ነው፤ ከየወገኑ ከአምስት ሰው አይብለጥ፣ ከአንድ ሰዓት ተኩል አይለፍ። አንዱ አሥር ደቂቃ ይናገራል። ሌላው መልስ አይሰጥም፤ የሰማውን በራሱ አነጋገር መልሶ ይናገራል። ተናጋሪው «አዎ፣ ያልኩት ይህንኑ ነው» እስኪል ድረስ ይደጋገማል። ከዚያ ተራው ይዞራል። «ሁሉም ሰው ይላል» ክልክል ነው፤ ያየሁት፣ የሰማሁት፣ የደረሰብኝ ብቻ። በመጀመሪያው ቀን ውሳኔ አይፈለግ። ብዙ እርቅ የሚፈርሰው በመጀመሪያው ማታ ለመተቃቀፍ ሲቸኮል ነው።

ጸሎቱም ሥርዓት ይፈልጋል፣ ምክንያቱም በእንዲህ ያለ ስብሰባ ጸሎት መውጊያ ሲሆን ይታያል። «ጌታ ሆይ፣ እውነትን የሚያጣምሙትን ዐይናቸውን አብራ» ብሎ በወንድሙ ፊት መጸለይ ስብከት ነው፣ ያውም ክስ ያለበት። እያንዳንዱ ስለ ራሱ ብቻ ይጸልይ፤ መዝሙር 50 (በዕብራይስጡ ቁጥር 51) ወይም የመዝሙር 138 (በዕብራይስጡ 139) የመጨረሻ ሁለት ቁጥሮች አብረው ቢነበቡ ይበቃል።

አንድ ነገር ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው። ጉዳዩ በሕፃን ላይ የደረሰ ጥቃት፣ መደፈር፣ ድብደባ ወይም ሌላ ወንጀል ከሆነ የተጎዳውን ሰው «ሄደህ ለብቻህ ውቀሰው» አትበሉት። ተጎጂው ይጠበቅ፣ ጉዳዩ ለሕግ ይቅረብ፣ የተከሰሰውም ከአገልግሎት ይታገድ። የጉባኤ አንድነት እንዲህ ያለውን ነገር መሸፈኛ ከሆነ የእግዚአብሔር ስም ይሰደባል።

ሊቀ_ንባብ

ሁለታችሁም የጻፋችሁት መልካም ነው፤ በአንድ ነገር ግን እለያለሁ። ሁልጊዜ በአንድ ጣሪያ ሥር መቆየትን የእርቅ መለኪያ አናድርገው። አብራምና ሎጥ ምድሪቱ አልበቃቸው ስትል አብራም ምርጫውን ለታናሹ ሰጥቶ በሰላም ተለየ (ዘፍጥረት 13)። ጳውሎስና በርናባስ በማርቆስ ምክንያት እስኪለያዩ ድረስ ተከራከሩ። በርናባስ ከማርቆስ ጋር ወደ ቆጵሮስ፣ ጳውሎስ ከሲላስ ጋር በሶርያና በኪልቅያ ሄደ። ግን ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 9፥6 በርናባስን ከራሱ ጋር አንድ አድርጎ ጠቅሶታል፤ ማርቆስንም ቆላስይስ 4፥10 ላይ ተቀበሉት ብሏል፣ በመጨረሻው መልእክቱም ለአገልግሎት ስለሚጠቅመኝ ይዘኸው ና ብሎ ጢሞቴዎስን አዝዟል። ስለዚህ መለያየት ግድ ከሆነ የሚጠየቀው ከተለያዩ በኋላ አንዱ ስለ ሌላው ምን ያወራል የሚለው ነው።

ለመለያየት መቸኮልን ደግሞ ኢያሱ 22 ይከለክላል። የሮቤል፣ የጋድና የምናሴ ነገድ እኩሌታ በዮርዳኖስ አጠገብ ትልቅ መሠዊያ ሠሩ። የቀሩት ነገዶች ሰምተው ለጦርነት በሴሎ ተሰበሰቡ። ከመዝመታቸው በፊት ግን ፊንሐስን ከአሥር አለቆች ጋር ላኩ፤ ከየነገዱ አንድ። መልእክተኞቹ ፍርሃታቸውን ሳይሸሽጉ ተናገሩ። «ምድራችሁ ረክሳ እንደ ሆነ ወደ እኛ ተሻግራችሁ በመካከላችን ውረሱ» ብለውም ከርስታቸው ለመስጠት ቀረቡ። መልሱ ሲሰማ መሠዊያው ለመሥዋዕት እንዳልተሠራ ታወቀ፤ ልጆቻችሁ ነገ ልጆቻችንን «ከእግዚአብሔር ዘንድ ድርሻ የላችሁም» እንዳይሏቸው ምስክር እንዲሆን ነበር። አንዱ ወገን ክህደት ብሎ የፈራውን ሌላው የሠራው ከመገለል ፍርሃት የተነሣ ነበር። በእናንተ ጉባኤም «ለየብቻው ይጸልያል» የተባለው ወገን ለምን እንደተለየ በቀጥታ የጠየቀው አለ ወይ?

ብርሃነ_ሰላም (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ በጣም ተምሬበታለሁ። ሁለት ነገር ላክል። መሪዎቹ ተስማምተው ሕዝቡ ባይቀበለውስ? ይቅርታ ተባብለው በወሩ ወደነበረበት የሚመለሰውስ ለምንድነው?

ሊቀ_ንባብ

የመጀመሪያው በታሪክ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1439 በፍሎረንስ የምሥራቅና የምዕራብ አብያተ ክርስቲያናት አንድነት ተፈረመ። ቁስጥንጥንያ በኦቶማን ጦር ተጨንቃ ስለነበር ንጉሠ ነገሥቱ የምዕራቡን እርዳታ ይፈልግ ነበር። የኤፌሶኑ ጳጳስ ማርቆስ አልፈርምም አለ፤ አብዛኞቹ የምሥራቅ ጳጳሳት ግን ፈረሙ። ወደ አገራቸው ሲመለሱ ካህናቱና ሕዝቡ አልተቀበሏቸውም፤ በ1484 በቁስጥንጥንያ የተሰበሰበ ሲኖዶስ ስምምነቱን በይፋ ሻረው። በችኮላ፣ በሌላ ጥቅም ግፊት፣ ሕዝቡ ሳይሰማ የተፈረመ ነገር ዕድሜው ያ ነው።

የሐዋርያት ሥራ 15ን ከዚህ ጋር አነጻጽር። ብዙ ክርክር ከተደረገ በኋላ ጴጥሮስ ተናገረ፣ በርናባስና ጳውሎስ ተረኩ፣ ያዕቆብ ደመደመ። ውሳኔው ከቤተ ክርስቲያኑ ሁሉ ጋር ሆነ። ከዚያ ተጻፈ፤ ደብዳቤውም አጭር ነው። ሸክም እንዳይበዛባቸው ለጣዖት የተሠዋ፣ ደም፣ ታንቆ የሞተና ዝሙት ብቻ ተጠቀሱ። ያለ ፈቃዳቸው ሄደው ያወኩ ሰዎች እንዳሉም በግልጽ አመነ። ይሁዳና ሲላስ ያንኑ በአፋቸው እንዲያስረዱ አብረው ተላኩ፤ በአንጾኪያ ሕዝቡ ተሰብስቦ ተነበበ። ስምምነታችሁን በዚህ መልክ አውጡት፦ ከአንድ ገጽ የማይበልጥ ጽሑፍ፣ ምን ስሕተት እንደተሠራ የሚናገር መስመር፣ የተወሰነው፣ ፈጻሚውና ቀኑ። የሚያነቡትም ከሁለቱ ወገን አንድ አንድ ሰው ጎን ለጎን ቆመው ይሁን።

ከረጅም ዘመን መለያየት በኋላም ደረጃ በደረጃ መሄድ አያሳፍርም። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 7 ቀን 1965 የሮማ ካቶሊክ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛና የቁስጥንጥንያው ፓትርያርክ አቴናጎራስ ሁለቱ ወገኖች በ1054 የተወጋገዙበትን ውግዘት ከቤተ ክርስቲያን መካከልና ከመታሰቢያዋ አነሡ። ልዩነቱ በዚያ እንዳላበቃ በመግለጫው ራሱ ተናገሩ፤ የቁርባን አንድነትም እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ቢሆንም መወጋገዙ ሳይነሣ ቀጣዩ ውይይት መንገድ አይኖረውም ነበር።

የቤርያ_ሰው

ለሁለተኛው ጥያቄህ፣ ብዙ ጊዜ የሚመለሰው ይቅርታው ራሱ ባዶ ስለሆነ ነው። «ሳላውቅ ያስቀየምኳችሁ ካላችሁ ይቅርታ» ማለት ምንም አልተናዘዘም። ያደረጉትን በስሙ መጥራት ይገባል፦ «ባለፈው ስብሰባ ገንዘብ በልቷል ብያለሁ፤ ማስረጃ አልነበረኝም፤ ስሙን አጥፍቻለሁ፤ ይቅር በለኝ።» «ነገር ግን» አይከተለው። በደሉ የተሰማው በሕዝብ ፊት ከሆነ ይቅርታውም በሕዝብ ፊት ይሁን። በቴሌግራም ቡድን ከተጻፈ በዚያው ቡድን ይጻፍ፤ ከዚያ የጸቡ ቡድኖች ይዘጉ። እንጨት ሲያልቅ እሳት ይጠፋል ያለው ምሳሌ 26፥20 ለዚህም ይሠራል። የተወሰደ ነገር ካለ ይመለስ፤ ዘኬዎስ አራት እጥፍ እመልሳለሁ ያለው ተቀባይነት ካገኘ በኋላ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ክትትል አለመኖሩ ነው። አስታራቂዎቹ በ30 ቀን እና በ90 ቀን ተመልሰው ይጠይቁ፤ ቀኑ በስምምነቱ ላይ ይጻፍ። ጳውሎስ በፊልጵስዩስ 4 ላይ ለተጣሉ ሁለት ሴቶች ሲጽፍ ኤዎድያንንም እመክራለሁ ሲንጤኪንንም እመክራለሁ ብሎ ለሁለቱም እኩል ቃል ከሰጠ በኋላ፣ በአጠገባቸው ያለውን ሰው እነዚህን ሴቶች እርዳቸው ብሎ ለምኖታል። ምክሩ ብቻውን አልበቃም፤ የሚረዳ ሰው ተመደበ። ይህን ሥራ የሚይዘው ሰው በሰላሙ ማግሥት ሁለቱን ወገን በአንድ አገልግሎት ያጣምራቸው፤ ሕሙማን ጥየቃ፣ የቤቱ ጥገና፣ የልጆች ትምህርት፣ የትኛውም ቢሆን። ጥንዶቹ ከየወገኑ አንድ አንድ ይሁኑ።

በጌታ ማዕድ ላይም ተጠንቀቁ። በቆሮንቶስ አንዱ ሲራብ ሌላው ይሰክር ነበር፤ ሐዋርያው እርስ በርሳችሁ ተጠባበቁ ብሎ አዘዘ። መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ አስቀድመህ ታረቅ የሚለውም (ማቴዎስ 5፥23-24) የሚሠራው ከማዕዱ ቀን በፊት ባሉት ቀናት ነው። ማዕዱ በሚደረግበት ሳምንት ሰኞ ላይ «የምትሄዱበት ሰው ካለ እስከ ዓርብ ሂዱ» ተብሎ ይነገር፤ በቅዳሴው ወይም በጉባኤው ደጃፍ ላይ በጥድፊያ የሚደረግ እርቅ ለሁለቱም ጭንቅ ነው።

ሁሉ ተደርጎ አልሰማም የሚል ሰው ካለ ቲቶ 3፥10 አንድ ጊዜና ሁለት ጊዜ መክረህ ራቀው ይላል፤ ሦስተኛው ኮሚቴ አይቋቋምለት። የተቀጣው ሰው ሲመለስ ግን 2ኛ ቆሮንቶስ 2፥6-8 አለ፦ ቅጣቱ ይበቃዋል፣ ከልክ በሚበዛ ኀዘን እንዳይዋጥ ይቅር በሉት፣ አጽናኑትም። ቅጣቱ የተነገረው በጉባኤ ከሆነ መቀበሉም በዚያው ጉባኤ፣ በስሙ፣ ይነገር፤ የሚቀመጥበት ቦታና የሚሠራው ሥራም በዚያው ቀን ይሰጠው።